ብልቃጡ የት ደረሰ?

ስለ ጨጓራ ዕጢ ሮቤ ላይ ለምእመናን ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ከጎባ፣ ከዲንሾ፣ ከሲናናና ከአጋርፋ፣ እንዲሁም የሳነቴን ብርድ ተሻግራችሁ ከደሎ መና ድረስ ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው። እንድንናገር የተሰጠን ርእስ ስለ ጨጓራ ዕጢ፣ ይልቁንም ብዙ ጊዜ ስለማያጋጥሙት የጨጓራ ዕጢዎች ነው። «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ እኛ ገበሬዎች፣ መምህራንና የመጋዘን ሠራተኞች ምን አገባን?» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። እኛም ቀድሞ እንዲሁ እናስብ ነበር። ዛሬ ግን የምንነግራችሁ ነገር አብዛኛው የሚፈጸመው ከኦፕራሲዮን ክፍል ውጭ፣ በእናንተና በእኛ እጅ ነው።

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎባ በላይ ካለ መንደር አንዲት እናት ወደ ጤና ቡድናችን ይመጡ ነበር። ገብስ እያመረቱ ልጆች ያሳደጉ፣ በሥራ የጠነከሩ ሴት ናቸው። «ሆዴን ይነፋኛል፤ ጥቂት ስቀምስ እጠግባለሁ፤ ዳገት ስወጣ ልቤ ይመታል» ይሉን ነበር። እኛም የጨጓራ ክኒን ሰጥተን ሰደድናቸው። ሁለተኛም መጡ፤ ክኒን ሰጠን። ሦስተኛም መጡ፤ አሁንም ክኒን ሰጠን። ወረፋው ረጅም ነበር፤ «ጨጓራ ነው» ማለትም ቀላል ነበር።

በአራተኛው ጊዜ ልጃቸው በፈረስ ጭኖ አመጣቸው። ከንፈራቸው ገርጥቷል፤ የዓይናቸው ሽፋን ሲገለጥ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ነጭ ሆኗል። ያን ዕለት አንዲት ነርሳችን አጠገባቸው ተቀምጣ በኦሮምኛ፣ «አዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰገራዎ ምን ይመስላል?» ስትል ጠየቀቻቸው። እሳቸውም፣ «እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ዓመት ሊሆነው ነው። ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?» አሉ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም። ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስት ጊዜ አልጠየቅናቸውም። ሰገራቸውን ያጠቆረው በጨጓራቸው ውስጥ ሲንጠባጠብ የከረመ ደም ነበር።

ዕጢ ሁሉ አንድ አይደለም

በአርሲና በባሌ ደጋ የምንኖር ሰዎች አንድ ክፉ በሽታ በሚገባ እናውቃለን፤ እህል አልወርድ የሚልበት፣ በመጨረሻም ውኃ እንኳ የማያልፍበት የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። ከዚህ አካባቢ በዚህ በሽታ ታመው ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ሰዎች ብዛት በጥናት ተመዝግቧል። ከእናንተም መካከል ጎረቤቱን ወይም ዘመዱን በዚህ በሽታ የቀበረ አለ። ስለዚህ «ሆዱ ውስጥ ዕጢ ተገኘ» የተባለ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ ልቅሶ ይቀመጣል። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ዕጢ ሁሉ አንድ አይደለም።

በጨጓራ ከሚነሡት ክፉ ዕጢዎች አብዛኛው ከውስጠኛው ሽፋን የሚበቅለው የተለመደው የጨጓራ ካንሰር ነው። ከእርሱ ሌላ ግን ብዙ ጊዜ የማያጋጥሙ ሌሎች ዓይነቶች አሉ። ሹዋኖማ የሚባለው ከነርቭ ሽፋን የሚነሣ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ነው፤ ተቆርጦ ከወጣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሊምፎማ የሚባለው የሰውነት መከላከያ ከሆኑት ሴሎች የሚነሣ ነው። ከሊምፎማ ዓይነቶች አንዱ ኤች ፓይሎሪ ከተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በጊዜ ከተገኘ ባክቴሪያውን በሚገድል መድኃኒት ብቻ ያለ ቢላ ሊጠፋ ይችላል።

ጂስት ተብሎ የሚጠራው ደግሞ ከጨጓራው ግድግዳ ውስጥ የሚነሣ ነው። ጨጓራና አንጀት ምግቡን እየገፉ እንዲያሳልፉ የእንቅስቃሴ ምት የሚሰጡ ሴሎች አሉ፤ ጂስት ከእነዚህ ሴሎች ወገን ነው። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ10 እስከ 15 የሚሆኑትን ብቻ ይይዛል ተብሎ ይገመታል። ከመቶው 60 ያህሉ የሚገኘው በጨጓራ ነው። ሐኪሞች ለብዙ ዘመን የጡንቻ ዕጢ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ማዙርና ክላርክ የተባሉ አሜሪካውያን ፓቶሎጂስቶች ከጡንቻ ዕጢ የተለየ መሆኑን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሂሮታና ባልደረቦቹ በጃፓን ኪት የተባለው ጂን ሲበላሽ ዕጢው እንደሚያድግ አገኙ።

እንግዲህ አስተውሉ። ሦስቱም በእጅ ሲዳሰሱ እብጠት ናቸው፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ በቢላ ያበቃል፤ ሁለተኛው በክኒን ሊጠፋ ይችላል፤ ሦስተኛው ቢላም ክኒንም ሊጠይቅ ይችላል። የሚለያቸው እጅ ወይም ዓይን ሳይሆን ማይክሮስኮፕ ነው።

ዕጢው እንዴት ይገኛል?

ወደ እናታችን እንመለስ። በመጀመሪያ የደማቸው መጠን ተለካ። በዚህ ላይ ለጤና ሠራተኞቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። እኛ የምንኖረው በከፍታ ላይ ነው። ሮቤና ጎባ 2,500 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ በሆነበት አገር የሰው ደም ብዙ ጊዜ ከቆላ ሰው ደም ይበልጥ ይወፍራልና፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የደም ማነስ መለኪያ ከከፍታው ጋር እንዲስተካከል ይመክራል። ስለዚህ በቆላ «ደህና ነው» የሚባለው ቁጥር ለደጋ ሰው የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ ሰውን አትመልሱ።

ሁለተኛው ምርመራ ኢንዶስኮፒ ነው። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ ገብቶ የጨጓራውን ውስጥ ያሳያል። የእናታችን ጨጓራ ሲታይ እንደ ብርቱካን የሚያክል ለስላሳ እብጠት ተገኘ፤ አናቱ ላይ ትንሽ ቁስል ነበረ፤ ደሙ የሚወጣውም ከዚያ ነበር። ሐኪሙ በቱቦው ውስጥ በሚያልፍ መቆንጠጫ ናሙና ወሰደ። ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ፦ «ካንሰር አልተገኘም።»

ቤተ ሰቡ በደስታ አለቀሰ፤ እኛም ደስ አለን። ወደ መንደራቸው ተመለሱ፤ መድኃኒቱንም አቋረጡ። ከሦስት ወር በኋላ ሰገራቸው እንደገና ጠቆረ።

ጉዳዩን ያስረዳን አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። እንዲህ አለን፦ «ጂስት የሚበቅለው ከሽፋኑ በታች ነው። መቆንጠጫው ደግሞ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ሽፋኑን ብቻ ነው። ብርድ ልብሱን ቆንጥጣችሁ ከሥሩ የተኛው ማን እንደ ሆነ ማወቅ አትችሉም። ወረቀቱ የተናገረው ስለ ሽፋኑ እውነቱን ነው፤ እብጠቱ ግን አሁንም እዚያው ነው።»

ይህ ለሁላችንም ትምህርት ነው። «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። እብጠት ታይቶ ናሙናው ንጹሕ ነው ከተባለ የሚቀጥለው ጥያቄ፣ «ታዲያ እብጠቱ ምንድን ነው?» የሚል መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ የዕጢውን መጠንና አቀማመጥ፣ ወደ ጉበት መድረስ አለመድረሱንም ለማየት ሲቲ ስካን ይነሣል። ለዚህም ሐኪሙ ወደሚልክበት ከተማ መሄድ ያስፈልጋል። ከሮቤ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለጤነኛ ሰው አድካሚ የሆነ መንገድ ደሙ ላለቀ ሰው ምን እንደሚሆን ገምቱት።

ቢላው

ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል በተባለ ጊዜ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። «ቢላ የነካው ዕጢ ይበተናል» የሚለው አባባል ተነሣ። ይህን አባባል ከሞኝነት አንቆጥረውም። ብዙ ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ በመሆኑ፣ ሰው ያየው ከቢላው በኋላ የመጣውን ሞት ነው። ደግሞም በአባባሉ ውስጥ አንድ እውነት አለ። ጂስት ብዙ ጊዜ ለስላሳና በቀላሉ የሚፈነዳ ነው። በኦፕራሲዮን ጊዜ ከፈነዳ ዘሩ በሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳል፤ ተመልሶ የመምጣቱም አደጋ እጅግ ይጨምራል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ዕጢውን አይጨብጠውም፣ አይጎትተውም፤ ጤነኛውን ግድግዳ ይዞ ከነዙሪያው ያወጣዋል።

መልካሙ ዜና ደግሞ ይህ ነው፤ የተለመደው የጨጓራ ካንሰር ሲሆን ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ አብዛኛውን ጨጓራ ወይም ሁሉንም፣ በዙሪያው ካሉት የሊምፍ ዕጢዎች ጋር ማውጣት አለበት። ጂስት ግን ወደ ሊምፍ ዕጢዎች የሚሄደው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ቦታው ከተመቸ ዕጢውን ከጥቂት ጤነኛ ግድግዳ ጋር ቆርጦ ማውጣትና ጨጓራውን መልሶ መስፋት ይበቃል። ሰውየው አብዛኛው ጨጓራው ይቀርለታል፤ እንደ ወትሮው ይበላል።

የጨጓራ ኦፕራሲዮን በዓለም ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። ቴዎዶር ቢልሮት የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በጥር 1881 ቪየና ላይ በዕጢ የተያዘውን የጨጓራ ክፍል አውጥቶ ሕመምተኛዋን በሕይወት ከጠረጴዛው አወረዳት። ከእርሱ በፊት በፈረንሳይና በፖላንድ የሞከሩት ሐኪሞች ሕመምተኞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተው ነበር። የቢልሮት ሕመምተኛ የኖረችው አራት ወር ያህል ብቻ ነበር፤ በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቶ ነበርና። ቢላው ሥራውን ሠርቷል፤ የዘገየው ጊዜው ነበር። ዛሬ በአገራችን ይህን ሥራ የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የቀዶ ሐኪሞችን አሠልጥኗል፤ ወላይታ ያለው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም እንዲሁ ያሠለጥናል። በዚህ በባሌም የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ከመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተያይዞ ያስተምራል፣ ያክማልም።

ለእናታችን ኦፕራሲዮን ደም ያስፈልግ ነበር። ልጃቸው ብቻውን ቢሰጥ አይበቃም። ከዚህ ጉባኤ መካከል የተቀመጡ ወጣቶች ደም ሰጡ፤ ስማቸውን አንጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። «መጸለይ ነው እንጂ መቆረጥ ምን ይባላል?» ያሉም ነበሩ። አንድ አረጋዊ ግን፣ «እኛ እየጸለይን ሐኪሙ ይቁረጥ፤ ሁለቱ መቼ ተጣሉ?» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ብልቃጡ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ዕጢው ከወጣ በኋላ ወዴት ይሄዳል?

ከእናታችን በፊት የሆነውን እንንገራችሁ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ከባሌ ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል ከጨጓራው ዕጢ ወጣለት። ዕጢው በብልቃጥ ተደርጎ ወደ ፓቶሎጂ ምርመራ እንዲወሰድ ለቤተ ሰቡ ተሰጠ። ቤተ ሰቡ ያለውን ሁሉ ለሕክምና ጨርሷል፤ ለመሳፈሪያና ለምርመራ የሚከፍለው አልነበረውም። ደግሞም ሰውየው ድኗል፤ ይበላል፤ በሬውን ጠምዶ ያርሳል። የወጣ ነገር ወጣ፤ ከእንግዲህ ምን ይፈለጋል? ብለው አሰቡ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የጎኑ ሕመም አስቸግሮት ወደ እኛ መጣ። ጉበቱ ላይ እብጠት ታየ። ያን ጊዜ፣ «ያ ብልቃጥ የት ደረሰ?» ብለን ጠየቅን። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ፣ «መስኮቱ ላይ ነው» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። በመጨረሻ ተወስዶ ሲነበብ ጂስት መሆኑ ታወቀ። መድኃኒቱን ጀመረ፤ ለጊዜውም ረዳው፤ በኋላ ግን ተለየን። እርሷን አንወቅሳትም። ብልቃጡ ለምን እንደሚሄድ ያስረዳት ሰው አልነበረም፤ የመሳፈሪያ ዋጋ የሰጣትም አልነበረም።

ብልቃጡ የሚሄደው የዕጢው ስም እንዲታወቅ ነው። ፓቶሎጂስቱ ዕጢውን በስሱ ቆርጦ፣ ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ያያል። ሲዲ 117 የተባለው ልዩ የቀለም ምርመራ በሚገኝበት ቦታ ከመቶ ጂስት 95 ያህሉ በዚህ ይለያል። ቀጥሎም ሁለት ነገር ይለካል፤ ዕጢው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ሴሎቹስ ምን ያህል በፍጥነት ይከፋፈላሉ? በጨጓራ ላይ ያለ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና በዝግታ የሚከፋፈል ዕጢ የመመለሱ ፍርሃት እጅግ ትንሽ ነው። ከ10 ሴንቲ ሜትር የበለጠ፣ ወይም በፍጥነት የሚከፋፈል፣ ወይም የፈነዳ ከሆነ ግን አደጋው ከፍ ያለ ነው።

ይህ ከታወቀ መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ፊንላንድ ውስጥ ጂስት ተሰራጭቶባት ሌላ ተስፋ ላልነበራት አንዲት ሕመምተኛ ኢማቲኒብ የተባለ፣ ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት የተሠራ ክኒን ተሰጣት፤ ዕጢዎቹም በሳምንታት ውስጥ መቀነስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ አደጋቸው ከፍተኛ የሆነ ሕመምተኞች ከኦፕራሲዮን በኋላ ክኒኑን ለ3 ዓመት ቢወስዱ ለ1 ዓመት ከሚወስዱት ይልቅ ብዙዎች በሕይወት እንደሚቆዩ አሳየ። ክኒኑ ውድ ስለ ነበር አምራቹ ኖቫርቲስና ማክስ ፋውንዴሽን ለድሆች በነጻ የሚሰጥበትን ፕሮግራም አቋቋሙ፤ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ኢትዮጵያውያን የደም ካንሰር ሕመምተኞች ከዚህ ተጠቅመዋል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ነጻም ሆነ በገንዘብ፣ ይህን ክኒን የሚያዝዝ ሐኪም አስቀድሞ የሚጠይቀው የፓቶሎጂውን ወረቀት ነው። ብልቃጡ መስኮት ላይ ከቀረ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ መድኃኒት የለም።

የእናታችን ብልቃጥ አልቀረም። ልጃቸው በጨርቅ ጠቅልሎ በዚሁ በሮቤ አውቶቡስ ተራ ሲሳፈር ከፕሮጀክታችን አንድ ሰው አብሮት ሄደ። የመሳፈሪያውን ዋጋ የከፈለችው አንዲት ትንሽ አጥቢያ ናት። ዕጢው ጂስት ነበር፤ 7 ሴንቲ ሜትር፤ ሳይፈነዳ የወጣ፤ በዝግታ የሚከፋፈል። ሐኪሙም፣ «ለጊዜው ክኒን አያስፈልግም፤ በየስድስት ወሩ ግን እንያቸው» አለ። እስከ አሁን ቀጠሯቸውን ይጠብቃሉ። ነገ በሽታው ይመለስ አይመለስ ማንም ቃል ሊገባላቸው አይችልም፤ ቢመለስ ግን ስሙን እናውቀዋለን።

የምንለምናችሁ

አንደኛ፣ ጠይቁ። የጤና ሠራተኞች ሆይ፣ «ሆዴን» ላለ ሰው ሁሉ የሰገራውን ቀለም ጠይቁት። የአይረን ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር ይችላልና ያንንም ጠይቁ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አስፕሪን አዘውትሮ የሚውጥ ሰው ጨጓራው ሊቆስልና ሊደማ ይችላልና ይህን አትርሱ። የጠቆረ ሰገራ፣ የደም ማነስ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት፣ ደም ያለበት ትውከት፣ እህል አልወርድ ማለት፤ ከእነዚህ አንዱን ያያችሁበትን ሰው ክኒን ሰጥታችሁ አትመልሱት፤ ላኩት።

ሁለተኛ፣ ደም ስጡ። ለአንድ ዘመድ በጭንቅ ቀን ብቻ ሳይሆን፣ ጤነኛ የሆነ ሁሉ በየጊዜው ለደም ባንክ ይስጥ።

ሦስተኛ፣ ብልቃጡን ተከተሉ። ሠራተኞቻችን ከኦፕራሲዮን የወጣን ሰው ሲጠይቁ፣ «እንዴት ሆኑ?» ካሉ በኋላ «ናሙናው የት ደረሰ?» ይበሉ። ብልቃጡ አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ የሚገጥም፣ የሕመምተኛው ስም የተጻፈበት ይሁን። ፎርማሊኑ ከዕጢው አሥር እጥፍ ያህል ይሁን። በውኃ ወይም በአልኮል አይተኩት፤ ፎርማሊን መርዝ ነውና ከልጆች ይራቅ። በየአጥቢያው ለመሳፈሪያና ለምርመራ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። ኦፕራሲዮኑን መክፈል ያልቻልን ብንሆን እንኳ ብልቃጡን ማድረስ እንችላለን።

አራተኛ፣ ስሙ ሳይታወቅ አታልቅሱ፤ ስሙ ሳይታወቅም አትጨፍሩ። እናታችን ሁለቱንም አይተዋል። ወረቀት ሲመጣ የሚያነብላችሁን ሐኪም ፈልጉ፤ «ቀጥሎስ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ከፊቱ አትነሡ።

ባለፈው መከር እኒያ እናት ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው ነበር። ያመጡት የገብስ ቆሎ ነው። ነርሷን አስጠርተው፣ «ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ ትብላ» አሉ። ሁላችንም በላን፤ ነገር ግን ለእኛ የቀረበልን ለሦስቱ ዝምታችን የተሰጠን ተግሣጽ መሆኑ ገብቶናል። እናንተም ወደየመንደራችሁ ስትመለሱ ሳይጠየቅ የቀረ ሰው እንዳይኖር አደራ እንላችኋለን።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ። በሰላም ግቡ።